ከነቁልፉ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር፣
ሸዋንግዛው አለ፣ አሮጌ ጋዜጣ ሲቸረችር።
«የሃምሳ ሰባት ነው» አለኝ፣ አቧራውን ጉልበቱ ላይ መታና፤
«ዜናውን እለፈው። ማስታወቂያውን አንብብ፣ ቀስ በልና።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ወያላው «ለገሃር! ለገሃር!» ይላል፤
እኔን ግን ሌላ አዲስ አበባ በደቃቅ ፊደል ይጠራኛል።

«ወይዛዝርት ሆይ! ሳሙናችን
በዝናብ ውኃ እንኳ አረፋው ብዙ ነው።»
ለካ ፒያሳም በርሜሉን ከአሸንዳው ሥር ደቅኖ
ክረምት ይጠብቅ ነበር፣ ቧንቧውን ሳይሆን ሰማዩን አምኖ።

«ጫማችን ሁለት ክረምት ይሻገራል፤
ካልተሻገረ መልሱት።»
ለካ ጫማ የሚለካው በእግር ብቻ አልነበረም፣
በጭቃም ነው።

«እንቅልፍ ለራቀው፣ ለሆድ ቁርጠት፣ ለናፍቆት
አንድ ጠርሙስ ይበቃል።
ስልክ 1 26 40፤ የሚያነሡት ሙሴ ቫርታን ራሳቸው ናቸው።»
አምስት ቁጥር! ከተማው በአምስት ጣት ይቆጠር ነበር፣
ናፍቆትም መድኃኒት ቤት ይሄድ ነበር።

«ሰዓትዎ ከዘገየ ለኛ ይስጡት።
አድራሻ፦ ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ከጠጉር አስተካካዩ አለፍ ብሎ፣
አረንጓዴው ግንብ።»
ያን ግንብ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ፈለግሁት።
አረንጓዴው አለ፤ የሌለው ግንቡ ነው።
ሣር ነው፣ «አትርገጡ» የሚል።
የሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ በነበረበት
የመንገድ መብራት እንደ ችግኝ ተተክሏል።

ከሳሙናው ጎን፣ በጠባቡ ዓምድ፦
«ስሜ ቶሎሳ የነበረው ከእንግዲህ ተስፋዬ ነውና
ወዳጅ ዘመድ ይህን ዐውቆ ይጥራኝ።»
በዚያው ገጽ፣ በዚያው ዋጋ፣ መስመሩ በሃያ አምስት ሳንቲም።
ምን ታጥቦ እንደ ለቀቀ ጋዜጣው አይናገርም።

ስድስተኛው ገጽ ላይ እጄ ቆመ።
«ማቀዝቀዣ፣ ከነቁልፉ!
እመቤት ከቤት ቢወጡ ሐሳብ አይግባዎ።
ስምንት መቶ ብር፤ በየወሩም ይከፈላል።»
ሴትዮዋ ጠጉሯን ቆልላ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምታ፣
በሩን እንደ መጋረጃ ገልጣ ትስቃለች፤
ብርቱካን፣ ዶሮ፣ ወተት በጠርሙስ።
ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ ግን የተቆረጠ እጅ አለ፣
ትሪ የያዘ፣
ሠዓሊው ፊት የነሳው።

እናቴ ውዴነሽ በአሥራ አራት ዓመቷ ከቡልጋ መጥታ፣
ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ፣ ካንድ ትልቅ ቤት ገብታ፣
በወር ስምንት ብር ታገለግል ነበር።
አሰላሁት። መቶ ወር ነው፤
ሳይበሉ፣ ሳይለብሱ፣ ሳይታመሙ፣
ስምንት ዓመት ከአራት ወር፣
ያን በር ለመክፈት።

ስለዚያ ቤት አንዲት ነገር ብቻ ነግራኛለች፦
«ቁልፉ ከማተባቸው ጋር ነበር፣ አንገታቸው ላይ።
ቅዳሴ ሲሄዱ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ እሰማው ነበር፤
ያንኮራፋል፣ እንደ ጠገበ ሰው።»

ሸዋንግዛው ሌላ አቀበለኝ፣ የሰባ አንድ።
ሎተሪ ብቻ፣ ጥግ ላይ፣ እንደ ተረሳ ዘመድ።
ገለጥሁ፣ ገለጥሁ፤ ሌላ የሚሸጥ ነገር የለም።
ስኳር የት እንደ መጣ ያኔ ጋዜጣ አይናገርም፤
ሰልፉ ይናገር ነበር።

«ስንት ነው?» አልሁት የሃምሳ ሰባቱን።
«መቶ።»
ዘጠና ሁለት ነበረኝ።
«አምጣ» አለ።

ተበድሬ ፍሪጅ የገዛሁላት ቀን
ዞረችው፤ ጀርባውን አየች፣ ጎኑን ዳሰሰች።
«ቁልፉስ?»
«የለውም፣ እማዬ።»
ከፈተችው። ገና ባዶ ነበር፣ መብራቱ ብቻ።
ብርዱ ፊቷን ሲነካት ቆማ ቀረች።
«ዝጊው እንጂ፣ ቅዝቃዜው ይወጣል» ብላት፣
«ይውጣ» አለች፣
ሁለት እጇን ወደ ውስጥ እየሰደደች።